የፈተናው ሳጥንና የካማሺ ቁልቁለት

የካማሺን መንገድ ውበት የሚያወራልኝ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ጉልበቴን ያመኛል። ባለፈው እንኳ አንድ ወጣት ባልደረባዬ በዚያ በኩል ለሥራ ደርሶ መጥቶ፣ በስልኩ ያነሳቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ እየገፋ አሳየኝ። ሰማያዊ ተራራ፣ ከተራራው ወገብ ላይ ጭጋግ፣ ከጭጋጉ ሥር ደግሞ እንደ ተጣለ መቀነት የተጠማዘዘ ወንዝ። «እንዲህ ያለ አገር ይዘን ነው እንግዲህ የሰው አገር የሚያምረን» አለኝ። ልጁ አልዋሸም። ለእኔ ግን በፎቶው ውስጥ የታየኝ ውሃ ጠጥቶ የተከፈተ የቆዳ ጫማዬ ነው።

ጊዜው ክልሉ ገና በእግሩ ያልቆመበት ነበር። አሶሳ ያለው ቢሯችን የእህል መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ስብሰባ ይቋረጣል፤ ሰው አይደማመጥም። ወንበር ከጎረቤት ቢሮ እንዋሳለን፣ እነሱ ደግሞ ጠረጴዛ ከእኛ ይዋሳሉ። ማህተም ግን ነበረን። አዲሱ ክብ ማህተም የመጣ ዕለት ሁላችንም በተራ እየተነሳን ባዶ ወረቀት ላይ እየመታን አየነው፤ አንዱማ መዳፉ ላይ መትቶ ቤቱ ሄደ። እኔ ከሸዋ ተመድቤ የመጣሁ፣ ሁለት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ወደ ቢሮ የተሳብኩ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። የሥራ መደቤ የፈተና ባለሙያ ይባላል። ሌላ የፈተና ባለሙያ ስላልነበረ ኃላፊውም እኔ፣ ተላላኪውም እኔ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት የካማሺ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ቀያቸው ሊፈተኑ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ደጋ ይወጡና፣ በማያውቁት ከተማ በማያውቁት ሰው ቤት አድረው ነበር የሚፈተኑት። ግማሹ ገና ከመንገድ ይመለሳል። ሴቶቹን ደግሞ ማንም አይልክም። የፈተና ጣቢያ ካማሺ ይከፈት ብዬ ደብዳቤ የጻፍኩት፣ የተሟገትኩት፣ ያስፈቀድኩት እኔ ነኝ፤ እዚህ ላይ ትሕትና አላበዛም። ሠላሳ አንድ ልጆች ተመዘገቡ፣ ዘጠኙ ሴቶች። ዝርዝሩን በእጄ ስለጻፍኩት ብዙዎቹን በስም አውቃቸዋለሁ፣ መልካቸውን ባላይም። ፈተናው ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት በመላው አገሪቱ ይጀመራል። ወረቀቱ በዚያ ሰዓት ካማሺ ካልተገኘ እነዚያ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ይላሉ፤ ጣቢያውም «አላልናችሁም» ተብሎ ይዘጋል።

መመሪያም ጽፌ ነበር። ሦስት ገጽ ሙሉ። በተለይ ተራ ቁጥር ሰባትን እወዳት ነበር፤ አስረካቢው በአካል ተገኝቶ በርክክብ ቅጹ ላይ ሳይፈርም የፈተናው ሳጥን በምንም ምክንያት አይከፈትም ትላለች። «በምንም ምክንያት» የሚለውን በማስመሪያ ሁለቴ አሰመርኩበት። የቢሮው ኃላፊ አንብበው «አንተ ልጅ ዳኛ መሆን ነበረብህ» አሉኝ፤ ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ። መመሪያው በአዲሱ ማህተም ተመትቶ ለየጣቢያው ተላከ። ለመሄድ ስነሳ ደግሞ ኃላፊው ሳጥኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና፣ «ይህ ሳጥን ከዓይንህ ከተሰወረ አንተም ከዚህ ቢሮ ተሰወርክ ማለት ነው» አሉኝ። ሳጥኑ ተራ የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ጓጉንቸሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ማህተም ተመትቶበታል።

መነሳት የነበረብን ዓርብ ጠዋት ነው። ሦስት ቢሮ የሚጋራት መኪና ግን የጤና ሰዎችን ይዛ መንጌ ሄዳ ቀረች። ዓርብን በር ላይ ቆሜ ዋልኩ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣች፣ ጎማዋ እንደ መላጣ ራስ የሚያብረቀርቅ፣ አንዱ መስኮቷ የማይዘጋ። ሹፌሩ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጣ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ነው። ዕድሜውን አክብሬ አንቱ እለው ነበር። በአንቱታ መቆጣት እንዴት እንደሚያደክም ያየሁት በዚያ ጉዞ ነው።

«ጋሼ፣ ዘግይተናል እኮ፤ ትንሽ ፈጠን ቢሉ።»

«አብሽር መምህር። መንገድ የትም አይሄድ።»

አብሽር ማለት አይዞህ፣ አትስጋ ማለት ነው። ይህን ቃል ከአሶሳ እስከ ካማሺ ስንቴ እንደሰማሁት ብቆጥር ኖሮ አብድ ነበር። ባምባሲ ላይ ማንጎ ሊገዛ ቆመ፣ አብሽር። ባምባሲን እንዳለፍን ውሃ ሊጨምር ቆመ፣ አብሽር። ዳቡስ ላይ ደግሞ ምንም ሳይጎድል ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና የድልድዩን አጥር ተደግፎ ወንዙን ማየት ጀመረ። ተከትዬው ወርጄ ምን ሆነ አልኩት።

«ምንም አልሆነ። እይ እስቲ ውሃውን» አለኝ።

«አየሁት።»

«ወላሂ አላየኸውም። እኔ በሰፈራ ስመጣ በዚህ ላይ በሸራ በተሸፈነ መኪና ነው ያሻገሩኝ። ሕፃን ያለቅሳል፣ ሰው ያስመልሳል፣ ውጪውን ግን አናይ። የት አገር እንደገባሁ ሳላየው ነው የገባሁት። አሁን መሪው በእጄ ነው፤ እያካካስኩ ነው።»

ዛሬ ቢሆን አብሬው እቆም ነበር። ያኔ ግን ሰዓቴን አየሁና «በሚቀጥለው ጊዜ ያካክሱ» አልኩት። ወደ መኪናው ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ንዴት የሹፌሩም የእኔም ጥፋት አልነበረም። ካርታውን የሠራው ሰው ይጠየቅበት። ከአሶሳ ወደ ካማሺ ለመሄድ፣ ማለትም ከገዛ ክልላችን ወደ ገዛ ክልላችን ለመሄድ፣ ከክልሉ ወጥቶ በሰው ክልል ቀኑን ሙሉ መጓዝና እንደገና መግባት ያስፈልጋል። ከቤትህ ሳሎን ወደ መኝታ ቤትህ ለመግባት በጎረቤት ግቢ የምትዞር ከሆነ እንዲህ ነው። በየኬላው «ከየት ወዴት?» ይሉናል። «ከአሶሳ ካማሺ» እንላለን። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» ይሉናል። ጊምቢ ስንደርስ ጨለመ፣ አደርን።

እሁድ ማለዳ በጠባብዋ አልጋ ላይ ሳጥኑን አቅፌ ነቃሁ። ሹፌሩ አልነበረም። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈልጌ ያገኘሁት ገበያ ውስጥ ነው፤ አንድ ትንሽ ጆንያ ሽንኩርት ገዝቶ በትከሻው ይዞ ይመጣል። ካማሺ ሽንኩርት የለም፣ ይወደዳል አለኝ። የመንግሥት ሹፌር የሄደበትን አገር ገበያ ሳያይ አይመለስም፤ ያ ያለ ነው፣ ማንም አይከለክለውም። እኔ ግን የዚያን ዕለት ሽንኩርቱን ብጥለው በወደድኩ።

ዋናውን መንገድ ለቀን ወደ ቆላው መውረድ ስንጀምር ከሰዓት ሆኗል። መንገዱ ተራራውን እየቀረፈ የሚወርድ ነው፤ በግራ ግድግዳ፣ በቀኝ ገደል። ሰኔ ስለገባ ቀዩ አፈር ለስልሷል። ከታች ሸለቆው ይታያል፤ የቀርከሃ ደን፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ወደ አባይ የሚገባው ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ተራራ ላይ ተራራ እየተደረበ መጨረሻው ከሰማይ ጋር የተቀላቀለ። ሹፌሩ እያየሁ እንደሆነ በዓይኑ ጫፍ ይከታተለኛል። እኔ ሆን ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

አራተኛው መታጠፊያ ላይ መንገዱ አለቀ። አንድ የጭነት መኪና እስከ እምብርቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ መንገዱን ዘግቶ ተኝቷል። ሰው የለበትም። ጭነቱ ቆርቆሮ ነው። ኋላ እንደሰማሁት ካማሺ ለሚሠራው የዞኑ ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ቆርቆሮ ነበር። የራሳችን ቆርቆሮ የራሳችንን መኪና አገደው። በግራ ማለፍ አይቻልም፣ በቀኝ ደግሞ ማለፍ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቻለው።

«አሁንም አብሽር ነው ጋሼ?» አልኩት።

ሹፌሩ ወርዶ ጭቃውን በእግሩ ነካካ። አብሽር አለማለቱ ከሁሉም በላይ አስደነገጠኝ። ከዚያ ከመንገዱ በታች ወዳለው የጉሙዝ መንደር ወርዶ ሰው አነጋግሮ መጣ። ካማሺ ለአገሩ ሰው ሩቅ አይደለም፣ በአቋራጭ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ አሁን ስለሚመሽ ጠዋት ሸካሚ ይመጣል አለኝ። በአሥራ አንድ ተኩል ብንነሳ ሁለት ተኩል ላይ እንገባለን። ሌሊቱን መኪና ውስጥ ሳጥኑን እግሬ ሥር አድርጌ አሳለፍኩት።

ገና ሳይነጋ ሦስት ሴቶች መጡ። የጉሙዝ ሴት ሸክም በጀርባዋ ወይም በራሷ አትሸከምም። ረጅም ዘንግ በአንድ ትከሻዋ ላይ ታጋድማለች፤ የሸክሙ ግማሽ ከፊት፣ ግማሹ ከኋላ ይንጠለጠላል። ሁለቱ ካልተመዛዘኑ ዘንጉ አይቆምም። ይህን አሶሳ ላይ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሸካሚ ሲባል አንድ ጎረምሳ ሳጥኑን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ሲሮጥ ነበር የታየኝ።

ከሦስቱ ትልቋ፣ ፀጉሯ ሽበት የጀማመረው፣ ደጋ ገበያ እየወጣች አማርኛ ለምዳለች። አማርኛዋ የራሱ አካሄድ አለው፤ የእኔ ጉሙዝኛ ግን ዜሮ ስለነበረ የምስቅበት አፍ የለኝም። በዕድሜ እናቴን ታክላለች። አንቺ አልኳት። ሹፌሩን በየመታጠፊያው እየረገምኩ አንቱ ያልኩ ሰው፣ እሷን አንቺ አልኳት። ይህን ያስተዋልኩት በጣም ቆይቶ ነው።

ሳጥኑን አንስታ መዘነችው፣ ዙሪያውን ፈለገች። «ሌላው የት ነው?»

«ሌላ የለም። ይኸው ብቻ ነው።»

«ይሄ ክፈት» አለች። «ግማሽ እዚህ፣ ግማሽ እዚህ። ከዚያ እኔ ይሄዳል።»

«አይከፈትም። ማህተም አለበት።» የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችውና በጥፍሯ ጫር ልታደርገው ስትል ዘልዬ እጇን ያዝኩ። እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ። አልተቆጣችም፤ የታመመ ሰው እንደሚታይ ነው ያየችኝ።

አንዷ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንስታ መጣች፤ እንደ ማመዛዘኛ። ትልቋ ተመልክታ ራሷን ነቀነቀች። «ድንጋይ ካማሺ አለ» አለች። «ለምን ይወስዳል?» ሁለቱ ሳቁ። እኔ ሳጥኑን ብድግ አድርጌ በትከሻዬ ተሸክሜ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄድኩና በጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ትከሻዬን የቆረጠኝ እስከ ሳምንቱ አልዳነም።

ትልቋ ሴት ይህን ሁሉ ትታ የመኪናዋን የኋላ በር ስትመለከት ነበር። ጆንያውን በጣቷ አመለከተች።

«ሽንኩርቴን?» አለ ሹፌሩ።

«ጋሼ፣ ልጆቹን ያስቡ።»

«ልጆቹንማ አስባለሁ፤ ሽንኩርቱንም አስባለሁ።» ከዚያ ጆንያውን አውርዶ ከሳጥኑ አጠገብ አስቀመጠና፣ «ከደረሱ የሴቶቹ ይሁን። አብሽር» አለ። እሱ ከመኪናው ጋር ሊቀር ነው፤ መኪና ጥሎ መሄድ አይፈቀድለትም። ሴትየዋ ጆንያውን ፈታ አምስት ስድስት ራስ ሽንኩርት አወጣች፣ እንደገና ሰቀለች፣ አንድ መለሰች፣ ዘንጉን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ቀጥ ብሎ ሲቆም አየች። የሠላሳ አንድ ልጆች ፈተና በጊምቢ ሽንኩርት ተመዝኖ ተነሳ።

አቋራጩ እግር ብቻ የሚያልፍበት ነው። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ይሸከማሉ፤ ዘንጉ ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲሸጋገር እንኳ እርምጃቸው አይቋረጥም። እኔ በቢሮ ጫማ ነኝ። መጀመሪያ በአሥር እርምጃ ቀደሙኝ፣ ከዚያ በሠላሳ፣ ከዚያ አንድ መታጠፊያ ዞረው ሳጥኑ ከዓይኔ ጠፋ። የኃላፊው ድምፅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ።

«ቁሙ» ብዬ ጮህኩ። ቆሙ። ሸክሙን አወረዱ። ደረስኩ። ተነሱ። እንደገና ጠፉ፣ እንደገና «ቁሙ» አልኩ። ሦስተኛው ላይ ትልቋ ሴት ሸክሙን ሳታወርድ እዚያው እየረገጠች ጠበቀችኝ።

«ማስቀመጥ ከባድ ነው» አለችኝ። «ማንሳት ከባድ ነው። መሄድ ቀላል ነው። አንተ ሁልጊዜ ከባዱን ይላል።»

«ሳጥኑ ከዓይኔ መጥፋት የለበትም። ሕግ ነው።»

«ዓይንህ ይፍጠን» አለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ የቆላው ዝንብ አንገቴን እየቆነጠጠ፣ ጉልበቴ በየቁልቁለቱ እየተንቀጠቀጠ ነበርና አልሳቅኩም። ተናድጄ ነበር፤ በመኪናዋ፣ በሹፌሩ፣ በቆርቆሮው፣ በሰኔ፣ ሳጥኑ እየተወዛወዘ ከፊቴ በመሄዱ። ሰባት ጊዜ አስቆምኳቸው። ሰባቱንም አስታውሳቸዋለሁ።

ሁለት ሰዓት ላይ ከአንድ ጅረት ደረስን። ውሃው ጉልበት ድረስ ነው፣ ግን ሌሊት ዘንቦበት ይገፋል። ሦስቱም ሳያመነቱ ተሻገሩ። እኔ መሀል ላይ ስደርስ እግሬ ከዳኝ፣ ተቀመጥኩበት። ትልቋ ሸክሙን ለጓደኛዋ አቀብላ ተመልሳ በክንዴ ይዛ አወጣችኝ። ዳር ላይ ቁጭ ብዬ የጫማዬን ውሃ ሳፈስ ፀሐይዋን በእጇ አሳየችኝ።

«ፀሐይ ሄደ» አለች። «አንተ ቀስ ብሎ ይምጣ። እኛ ይሄዳል።»

ሰዓቴን አየሁ። የመጀመሪያ ነገሬ እምቢ ማለት ነበር። ተራ ቁጥር፣ ኃላፊ፣ ከዓይን መሰወር፣ ሁሉም ተራ በተራ መጡብኝ። ከዚያ ግን ያ በእጄ የጻፍኩት የስም ዝርዝር መጣ። አሁንም ካስቆምኳቸው በሦስት ሰዓት ማንም አይደርስም። «ሂዱ» አልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ በሥራዬ ላይ ያደረግሁት ትልቁ ድፍረት ይኸው ነበር። እንዳይከፈት፣ እንዳይረጥብ፣ ለርዕሰ መምህሩ በእጁ ካልሆነ ለማንም እንዳይሰጥ ብዬ ሦስቴ ነገርኳት። አዎ፣ አዎ፣ አዎ አለችኝ። ዘንጉ ተነሳ፣ ቀርከሃው ውስጥ ገቡ፣ ጠፉ። እኔ የርክክብ ቅጹ እንዳልረጠበ ለማየት እጄን ወደ ደረት ኪሴ ሰደድኩ፤ በላስቲክ ጠቅልዬው ስለነበር ደህና ነው። እስክሪብቶውም አለ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅሙ ነው። ብቻዬን ስቀር ሁለቴ መንገድ ስቼ ተመለስኩ፣ ሐሳቤም ተበላሸ። ሳጥኑ ተሰብሮ፣ ወረቀቱ ገበያ ላይ ጨው ሲጠቀለልበት ታየኝ። ሴቶቹ ሽንኩርቱን ወስደው ሳጥኑን ገደል ሲከቱት ታየኝ። ከጅረት ውስጥ በክንዴ ይዛ ያወጣችኝን ሴት ነው እንዲህ የጠረጠርኩት። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ያሰብኩት ይህንኑ ነው፣ ሌላ አሰብኩ ብል ውሸት ነው።

አንድ ዳገት ጫፍ ላይ ትንፋሼ ሲያጥር ተቀመጥኩና ሳልፈልግ ሸለቆውን አየሁት። ጭጋጉ እየተነሳ ነበር። ወንዙ ከታች ነጭ ሆኖ ይበራል፣ ከማዶ ከቀርከሃ ጎጆዎች መሀል ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ በላይ የወረድንበት ተራራ ቁሟል፣ እንዴት ብለን እንደወረድነው አይታመንም። እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። የበለጠ አናደደኝ። ልቅሶ ቤት ውስጥ አዲስ ልብስ ለብሶ የመጣ ሰው ነው የመሰለኝ።

ካማሺ የገባሁት አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የመጀመሪያው ፈተና በአምስት ሰዓት ማለቅ ነበረበት። ትምህርት ቤቱ ጸጥ ብሏል። ርዕሰ መምህሩ፣ በዚያ ሙቀት ክራቫት ያሰረ ወጣት፣ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«እንኳን በሰላም መጡ» አለኝ። «ሳጥኑ በደህና ደርሷል። ለሦስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ነው የተረከብነው፤ ማህተሙም አልተነካም።»

የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ባለቅስ ደስ ይለኝ ነበር። «ታዲያ የመጀመሪያውን ጨረሱ?» አልኩት።

«እርስዎን እየጠበቅን ነው።»

አልገባኝም። ፋይሉን ከፈተና መመሪያዬን አወጣ። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ጣቱን አደረገ፣ በሁለቱ መስመሮች ላይ። «አስረካቢው በአካል ተገኝቶ ይላል። በምንም ምክንያት ይላል። ሁለቴ ተሰምሮበታል» አለኝ። በትሕትና ነው የሚናገረው፤ ትክክል እንዳደረገ እርግጠኛ ነበር። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። የሚያቃጥለውም ይኸው ነው።

ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። ሠላሳ አንዱም ተቀምጠዋል። ማንም አልቀረም። እያንዳንዳቸው ፊት አንድ እስክሪብቶ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ከሁለት ተኩል ጀምሮ እንደዚያ ናቸው። ሳጥኑ ፊት ለፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ በላይ ዝም ብለው ሲያዩት ቆይተዋል። ከፊት ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል። ስገባ ጎረቤቷ ቀሰቀሰቻት፣ ሁሉም ብድግ አሉ። «እንደምን አደሩ መምህር» አሉኝ በአንድ ድምፅ።

ቅጹን ከላስቲኩ አውጥቼ ፈረምኩ። እጄ በላብ ስለራሰ ቀለሙ ተዝረከረከ። ርዕሰ መምህሩ ፊርማዬን መመሪያው ላይ ካለው ጋር አስተያየና ጓጉንቸሩን ከፈተ። ሙሉ ጊዜያቸው እንዲሰጣቸው አደረግሁ። ሪፖርቱ ላይ ፈተናው በሦስት ሰዓት ተጀመረ ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ ፈረምኩ፣ ርዕሰ መምህሩም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ፈረመ። ልጆቹ ከዚያ ክፍል ወጥተው ውሃ እንኳ በወጉ ሳይጠጡ ለከሰዓቱ ተመልሰው ገቡ። ውጤቱ ሲመጣ ጥቂቶቹ አለፉ፣ የብዙዎቹ ዝቅተኛ ነጥብ በመጀመሪያው ትምህርት ነበር። ያ የጠዋቱ ተቀምጦ መጠበቅ ነው የጣላቸው ብዬ መማል አልችልም። አይደለም ብዬም መማል አልችልም፤ እስከ ዛሬ ከሁለቱ መሀል ነኝ።

ልጆቹ መጻፍ ሲጀምሩ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሄድኩ። ትልቋ ሴት እዚያ ነበረች። ሁለቱ ጓደኞቿ ሽንኩርቱን ይዘው ገበያ ወጥተዋል፤ እሷ ግን ዘንጓን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። «አንተ ጠፋ ብሎ ነው» አለችኝ። ባልመጣ ልትፈልገኝ ልትመለስ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እናቴ» አልኳት፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳጥኑን በሰዓቱ አድርሰዋል።»

ራሷን ወደ ክፍሉ ነቀነቀች። «ሳጥን በጠዋት መጣ። ልጆች ለምን ቁጭ አለ?»

«እኔን ሲጠብቁ ነው።»

ባዶ እጄን፣ የተቀደደ ጫማዬን አየችው። «አንተ ምን ይዞ መጣ?»

«ፊርማ» አልኳት።

ቃሉን አላወቀችውም። ከኪሴ ቁራጭ ወረቀት አወጣሁና ፈርሜ ሰጠኋት። ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ጠዋት ሳጥኑን እንዳደረገችው መዳፏ ላይ አድርጋ ከፍ ዝቅ እያደረገች መዘነችው።

«ይሄ ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ይሄ ቀላል ነው» አለች። «ጠዋት ለእኛ ለምን አልሰጠም?»